አራተኛው እግር

ከየካ አባዶ ወዲያ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ባለባጃጁ «እዚህ ይበቃል» ብሎ ከሚመለስበት፣
ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ሦስት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት።

ርዕሰ መምህርቷ እትዬ አስካለ፣ ደውለው ነው የጠሩኝ፣
«ሃያ ዴስክ ተሰባብሯል፤ መጥተህ ጠጋግንልኝ።»
ሄድኩ። በዝናብ ማግስት ጭቃ፣ ጫማዬን በፌስታል አስሬ፣
መጋዝ፣ መላጊያ፣ ኮላ፣ በጆንያ ቋጥሬ።

ዴስኮቹን ሳያቸው አወቅኋቸው።
ወንበሩ ከጠረጴዛው፣ በብሎን የተጋባ፣
ፍቺ የሌለው ትዳር፣ ልጅ በመሃል የሚያነባ።
እኛም ሦስት ነበርን ባንዱ፤ የመሃሉ ሽንት ሲይዘው
የዳሩ ካልተነሳለት፣ መውጫ መንገድ አልነበረው።
ወደ ኋላ የዞረ አንገት፣ ኩርኩም ነበር ምሱ፤
ወደ ፊት ያየ ሁሉ «ጎበዝ» ነበር፣ ተኝቶም ቢሆን እሱ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ከምጠግነው፣ ባፈርሰውስ?
እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ አቀማመጡን ብንፈውስ?»
ዝም አሉ። ሒሳብ ሲሠሩ አየሁ በዓይናቸው።
«ከዴስኩ ዋጋ እንዳይበልጥ»፤ ይኸው ነበር መልሳቸው።

ሁለት ሳምንት፣ ከግቢው ግራር ሥር፣ ላግኩ፣ ቆረጥኩ፣ ለካሁ፤
ከኮንዶሚኒየሙ ግንባታ የተረፈ ሞራሌም ገዛሁ።
ካንዱ ገበታ ላይ በምላጭ የተቀረጸ፣ «ብዙዬ» የሚል ስም ነበር፤
ብልገውም ጨርሶ አልጠፋ፤ ተውኩት፣ ይኑር።

ጠረጴዛው አንድ ጎኑ ጠበብ፣ አንድ ጎኑ ሰፋ ያለ፣
ሁለት ሲገጥም የቀፎ ዓይን፣ ስድስት ሲገጥም ቀለበት ያከለ።
ዱካው ሲቆም ወንበር፣ ሲጋደም የመጽሐፍ ማስቀመጫ፤
ማዕዘኑን በሞረድ አለዘብኩት፣ እንዳይሆን የግንባር መቅጫ።
ክብደቱን በልጄ ለካሁት፤ ስድስት ዓመቷ ናት፣
«ብቻሽን ታነሺዋለሽ?» እያልኩ፤ ካቃታት ላግኩላት።

አንዱ ዱካ ግን፣
በችኮላ ማታ፣ መብራት በጠፋበት፣
በስልክ ብርሃን ስለካ፣ አራተኛው እግር አጠረበት።
ልብ አላልኩም።

ሰኞ በሩ ተከፈተ።
እኔ የጠበቅኩት፣ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ፤
እነሱ ግን ዱካውን ሁሉ ከግድግዳ እስከ በር ጎትተው አመጡ።
ኢብሳ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣
«መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል፣ ድምፁን የረዳት አድርጎ።
ሐያት ሒሳብ ትሰበስባለች፤ ቅጠል ነው ብሩ፤
አሥር ለሰጣት ሦስት ትመልሳለች፤ «ታሪፉ ሰባት ነው፣ አትከራከሩ!»
መምህርት ሙሉነሽ፣ ጠመኔዋን እንደያዘች ቀረች፤
«ዛሬ መቀነስ ነበር የማስተምረው» አለች፣
ከዚያ ተሳፈረች።

በወሩ ከወረዳው ተቆጣጣሪ መጣ፣ ክላሰሩን በብብቱ ይዞ፤
በሩ ላይ ቆመ፣ ፈዝዞ።
«ረድፉስ? ፊትና ኋላው የቱ ነው? ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?»
ብሎ ተቀመጠ፤ ያ ዱካ ነበረ፣ ያ የጨለማ ልጅ፣ ያ!
ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ።
እኔ መዶሻዬን አነሳሁ፤ ላቤ ባንገቴ አመለጠ።
ሰውዬው ወደ ግራ ዘመመ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤
አንዴ ደገመው፣ ሆን ብሎ፤ ወረቀቱ መሬት ፈሰሰ።

«ላስተካክለው» ብዬ ስጠጋ፣ ሚልኪ መንገዴን ዘጋ፤
ሚልኪ፣ ያ ቁንጥንጡ፣ ያ ባንድ ቦታ የማይረጋ።
«ጋሼ፣ እሱን አትንካው! የኔ ተራ ከሰዓት ነው።
ፊደል የሚገባኝ እሱ ላይ ነው፤ ስወዛወዝ ነው።»
ከሰዓት ቆይቼ አየሁት።
ማረፊያ ያጣው ልጅ፣ በማያርፍ ዱካ አረፈ፤
ምላሱን ባፉ ጥግ አውጥቶ፣ «ጠ»ን ሦስት ጊዜ ጻፈ።

ዛሬ ከጣፎም፣ ከአራብሳም ትእዛዝ ይመጣል፤
ልጄ አሁንም ታነሳለች፤ ካቃታት ይላጋል።
ከየደርዘኑ ግን አንዱን፣ በትንሿ ጣቴ ውፍረት፣
አራተኛ እግሩን አሳጥራለሁ፤ ሆን ብዬ፣ ያለ ስህተት።
እትዬ አስካለ ደረሰኙን ሲያዩ፣ «ይሄስ ምንድነው?» አሉኝ፤
የምጽፍበት ቃል ጠፍቶኝ፣
«ፈረስ፣ አንድ» ብዬ ነበር።
ፈረሙልኝ።